የምክትል ፕሬዝዳንት ዕጩ አመራረጥ በአሜሪካ

ተጣማሪ ዕጩ ማለት ለፕሬዝዳንትነት የሚወዳደር ሰው አብሮት እንዲወዳደር የሚመርጠው የምክትል ፕሬዝዳንትነት ዕጩ ነው። በዩናይትድ ስቴትስ ኦፍ አሜሪካ የሁለቱ ስም በድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ይጻፋል፤ መራጩም ለሁለቱ በአንድነት አንድ ድምፅ ይሰጣል። ስለዚህ አንዱን ዕጩ ወድዶ ሌላውን መተው አይቻልም።

በዘመናችን ተጣማሪውን የሚመርጠው የፕሬዝዳንት ዕጩው ራሱ ነው። የፓርቲው ብሔራዊ ጉባኤ ምርጫውን ያጸድቃል እንጂ እንደ ቀድሞው ሌላ ሰው አያቀርብም። የምክትል ፕሬዝዳንቱ የዕለት ተዕለት ሥልጣን ትንሽ ቢሆንም ፕሬዝዳንቱ ቢሞት ወይም ሥልጣን ቢለቅ አገሪቱን የሚመራው እርሱ ነው። ይህም እስካሁን ዘጠኝ ጊዜ ደርሷል።

(በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የምክትል ፕሬዝዳንቱ ሥልጣን

የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ለምክትል ፕሬዝዳንቱ በግልጽ የሚሰጠው ሥራ ጥቂት ነው። የሕግ መወሰኛ ምክር ቤቱ (ሴኔቱ) ሰብሳቢ ነው፤ ነገር ግን ድምፅ የሚሰጠው የሴኔቱ አባላት እኩል ለእኩል ሲከፈሉ ብቻ ነው። ከዚህ ሌላ የሚሠራው ሥራ ፕሬዝዳንቱ በሚሰጠው ኃላፊነት ላይ የተመሠረተ ነው።

ዋናው ቁም ነገር ተተኪነቱ ነው። ስምንት ምክትል ፕሬዝዳንቶች ፕሬዝዳንቱ በመሞቱ ሥልጣን ይዘዋል። እነርሱም ጆን ታይለር (1841)፣ ሚላርድ ፊልሞር (1850)፣ አንድሩ ጆንሰን (1865)፣ ቼስተር አርተር (1881)፣ ቴዎዶር ሩዝቬልት (1901)፣ ካልቪን ኩሊጅ (1923)፣ ሃሪ ትሩማን (1945) እና ሊንደን ጆንሰን (1963) ናቸው። ዘጠነኛው ጄራልድ ፎርድ ሲሆኑ ሪቻርድ ኒክሰን በ1974 ሥልጣን በመልቀቃቸው ፕሬዝዳንት ሆኑ። በኋላ በራሳቸው ተወዳድረው ያሸነፉት ሲጨመሩ ከምክትል ፕሬዝዳንቶች መካከል 15ቱ ፕሬዝዳንት ለመሆን በቅተዋል።

የሕግ መሠረት

በ1787 የተረቀቀው ሕገ መንግሥት ተጣማሪ ዕጩ የሚባል ነገር አያውቅም ነበር። ፕሬዝዳንቱን የሚመርጡት ወኪል መራጮች እያንዳንዳቸው ለሁለት ሰዎች ድምፅ ይሰጡ ነበር። አብላጫውን ያገኘው ፕሬዝዳንት፣ ሁለተኛ የወጣው ደግሞ ምክትል ፕሬዝዳንት ይሆናል። ይህ አሠራር ፓርቲዎች ከመፈጠራቸው በፊት የታሰበ ነበርና ፓርቲዎች ሲመጡ ችግሩ ወዲያው ታየ።

በ1796 ምርጫ ጆን አዳምስ 71፣ ተቀናቃኛቸው ቶማስ ጄፈርሰን ደግሞ 68 የወኪል መራጮች ድምፅ አገኙ። በዚህም ፕሬዝዳንቱና ምክትሉ ከሁለት ተቃራኒ ወገኖች ሆኑ። በ1800 ምርጫ ደግሞ ጄፈርሰንና የራሳቸው ወገን የሆኑት አሮን በር እኩል 73 ድምፅ አገኙ። ወኪል መራጮቹ የትኛው ለፕሬዝዳንትነት፣ የትኛው ለምክትልነት እንደታሰበ ለይተው የሚጽፉበት መንገድ አልነበራቸውም። ጉዳዩ ወደ ተወካዮች ምክር ቤት ተመርቶ ጄፈርሰን ያሸነፉት የካቲት 1801 በተደረገው በ36ኛው የድምፅ አሰጣጥ ነበር።

ይህ እንዳይደገም በ1804 የጸደቀው 12ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ለፕሬዝዳንትና ለምክትል ፕሬዝዳንት ድምፅ ለየብቻ እንዲሰጥ ወሰነ። ሁለት ሰዎች ተጣምረው የሚወዳደሩበት ልማድ የተመሠረተው በዚህ ላይ ነው። ማሻሻያው ለፕሬዝዳንትነት ብቁ ያልሆነ ሰው ለምክትልነትም ብቁ እንዳይሆን ይከለክላል። ስለዚህ ዕጩው ሲወለድ ጀምሮ የአሜሪካ ዜጋ የሆነ፣ ዕድሜው 35 ዓመት የሞላውና በአገሪቱ 14 ዓመት የኖረ መሆን አለበት።

ሌላው ገደብ የመኖሪያ ክፍለ ግዛትን ይመለከታል። ወኪል መራጮች ድምፅ ከሚሰጧቸው ሁለት ሰዎች ቢያንስ አንዱ የእነርሱ ክፍለ ግዛት ነዋሪ መሆን የለበትም። ብዙ ጊዜ እንደሚባለው ሕጉ ሁለቱ ዕጩዎች ከአንድ ክፍለ ግዛት እንዳይሆኑ አይከለክልም፤ የሚያስከትለው ጉዳት የዚያ ክፍለ ግዛት ወኪል መራጮች ለሁለቱም ድምፅ መስጠት አለመቻላቸው ነው። በ2000 ምርጫ ጆርጅ ቡሽ የመረጧቸው ዲክ ቼይኒ እንደ ቡሽ ሁሉ የቴክሳስ ነዋሪ ስለነበሩ ከመታጨታቸው ጥቂት ቀደም ብሎ የመራጭነት ምዝገባቸውን ወደ ዋዮሚንግ አዛወሩ። አንዳንድ የቴክሳስ መራጮች ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ቢወስዱትም ክሱ ውድቅ ተደረገ። ቡሽና ቼይኒ ያሸነፉት በ271 ድምፅ ሲሆን የሚያስፈልገው 270 ነበር። ቼይኒ የቴክሳስን 32 ድምፅ ቢያጡ ኖሮ አብላጫ ስለማይኖራቸው ምክትል ፕሬዝዳንቱን የሚመርጠው ሴኔቱ ይሆን ነበር።

ሴኔቱ ምክትል ፕሬዝዳንት የመረጠው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በ1836 ምርጫ የማርቲን ቫን ቢውረን ተጣማሪ ለነበሩት ለሪቻርድ ሜንተር ጆንሰን 23ቱ የቨርጂኒያ ወኪል መራጮች ድምፅ አንሰጥም አሉ። ጆንሰን ከሚያስፈልገው 148 ድምፅ አንድ ጎድሏቸው 147 ላይ ቀሩ። በ1837 ሴኔቱ 33 ለ16 በሆነ ድምፅ መረጣቸው።

ታሪክ

የፓርቲ መሪዎች ዘመን

በ19ኛው ክፍለ ዘመንና በ20ኛው መጀመሪያ ምክትሉን የሚመርጡት በአብዛኛው የፓርቲ መሪዎችና የጉባኤ ተወካዮች ነበሩ። የፕሬዝዳንት ዕጩው አስተያየት ላይጠየቅ ይችላል። ቦታው የሚሰጠው በጉባኤው የተሸነፈውን ወገን ለማባበል ወይም ራቅ ያለ ክልል ድምፅ ለመሳብ ነበር። ዕጩው አንድ ቀን አገር ይመራል ብሎ የሚያስብ ጥቂት ነበር።

የዚህ አሠራር አደጋ ቶሎ ታየ። የዊግ ፓርቲ በ1840 ዊልያም ሄንሪ ሃሪሰንን ለፕሬዝዳንትነት ሲያቀርብ የደቡብን ድምፅ ለማግኘት የቀድሞ ዴሞክራቱን ጆን ታይለርን አጣመረላቸው። ሃሪሰን ሥልጣን በያዙ በአንድ ወራቸው ሚያዝያ 4 ቀን 1841 ሞቱ። ታይለር የፓርቲው ዋና ዓላማ የነበረውን የብሔራዊ ባንክ ሕግ ሁለት ጊዜ ሻሩት። ከአንዱ በስተቀር ሚኒስትሮቻቸው በሙሉ ለቀቁ፤ ፓርቲውም ከአባልነት አባረራቸው።

ከሁሉ የከፋ ውጤት ያስከተለው ግን የ1864 ምርጫ ነው ተብሎ ይታመናል። አብርሃም ሊንከን የእርስ በርስ ጦርነቱ ገና ሳያበቃ ለሁለተኛ ጊዜ ሲወዳደሩ ምክትላቸው የነበሩት የሜይን ሰው ሃኒባል ሃምሊን ተተኩ። በምትካቸው የቀረቡት አንድሩ ጆንሰን የቴኔሲ ዴሞክራት ሲሆኑ ክፍለ ግዛታቸው ከኅብረቱ ሲገነጠል ለኅብረቱ ታማኝ ሆነው የቀሩ ሰው ነበሩ። ጥምረቱ ሰሜንንና ደቡብን ያቀራርባል ተብሎ ታስቦ ነበር። ጆንሰን ምክትል ሆነው ስድስት ሳምንት ብቻ እንደቆዩ ሊንከን ተገደሉ። አዲሱ ፕሬዝዳንት ከባርነት ነጻ ለወጡት ጥቁሮች የዜግነት መብት የሚሰጠውን የ1866 ሕግ ለማገድ ሞክረው ምክር ቤቱ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ አሸነፋቸው። በ1868 የተወካዮች ምክር ቤት ከሥልጣን የማንሳት ክስ ሲመሠርትባቸው በሴኔቱ በአንድ ድምፅ ብቻ ተረፉ። ድምፅ ለመሳብ የተመረጠ ሰው ከጦርነቱ በኋላ ያለውን የአገሪቱን አቅጣጫ ለመወሰን በቃ።

በ1900 ደግሞ የኒው ዮርክ ሪፐብሊካን መሪ ቶማስ ፕላት የክፍለ ግዛቱን አገረ ገዥ ቴዎዶር ሩዝቬልትን ከኒው ዮርክ ፖለቲካ ለማራቅ ወደ ምክትልነቱ ገፏቸው። ፕሬዝዳንት ዊልያም ማኪንሊ በመስከረም 1901 ተገደሉና ሩዝቬልት ፕሬዝዳንት ሆኑ።

ውሳኔው ወደ ዕጩው መዛወሩ

ለውጡን የጀመሩት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ናቸው። በ1940 ሄንሪ ዋላስን ካልተቀበላችሁ ዕጩነቱን አልፈልግም ብለው ጉባኤውን አስገደዱ። ከአራት ዓመት በኋላ ግን የፓርቲው መሪዎች ዋላስን ስላልፈለጓቸው በ1944 የሚዙሪው ሴናተር ሃሪ ትሩማን ተተኩ። የሩዝቬልት ጤና መዳከሙ በቅርብ ለሚያውቋቸው የተሰወረ አልነበረም፤ ስለዚህ ብዙዎቹ መሪዎች የሚመርጡት ቀጣዩን ፕሬዝዳንት ሊሆን እንደሚችል ያውቁ ነበር። ይሁን እንጂ ትሩማን በምክትልነት በቆዩባቸው 82 ቀናት በትልልቅ ውሳኔዎች ላይ አልተካፈሉም። የአቶሚክ ቦምቡን ሥራ በዝርዝር የሰሙት ሩዝቬልት ሚያዝያ 12 ቀን 1945 ከሞቱ በኋላ ነው። በዚያው ዓመት ነሐሴ ቦምቡ በጃፓን ላይ እንዲጣል የወሰኑት እርሳቸው ነበሩ።

በ1956 የዴሞክራቶቹ ዕጩ አድላይ ስቲቨንሰን ምርጫውን ለጉባኤው ተወካዮች ትተው ኤስቴስ ኬፎቨር ወጣቱን ሴናተር ጆን ኬኔዲን አሸንፈው ተጣማሪ ሆኑ። ከዚያ ወዲህ በሁለቱ ዋና ፓርቲዎች ውሳኔው የዕጩው ሆኖ ቀርቷል።

የአመራረጥ ሂደት

የዘመኑ ሂደት መልክ የያዘው በ1976 ጂሚ ካርተር ባደረጉት ፍለጋ ነው። ካርተር ሰዎቹን በቅድሚያ አጥንተው፣ ጥያቄዎች በጽሑፍ አቅርበው፣ የተወሰኑትን በጆርጂያ ወዳለችው ትንሽ ከተማቸው ፕሌንስ ጠርተው አነጋገሩ። በመጨረሻም ዋልተር ሞንዴልን መረጡ። ከዚያ ወዲህ ሂደቱ በአብዛኛው የሚከተሉትን ደረጃዎች ይይዛል።

1. የስም ዝርዝር ማዘጋጀት። የፓርቲ ቅድመ ምርጫው አሸናፊ ሲታወቅ ዕጩው ፍለጋውን የሚመራ የሚተማመንበት ሰው ወይም ቡድን ይሰይማል። መጀመሪያ ላይ ዝርዝሩ ረጅም ነው።

2. የኋላ ታሪክ ማጣራት። የሕግ ባለሙያዎች የታሰቡትን ሰዎች ግብር፣ ሀብትና ዕዳ፣ ጤና፣ የፍርድ ቤት መዝገብ፣ የቀድሞ ንግግርና ጽሑፍ እንዲሁም የቤተሰብን ጉዳይ ይመረምራሉ። ዛሬ የማኅበራዊ ሚዲያ ገጾችም ይታያሉ። ማጣራቱ በሚስጥር ይያዛል።

3. ቃለ ምልልስ። ዕጩው የቀሩትን ጥቂት ሰዎች ራሱ ያነጋግራል። ሐሳባቸው ከመስማማቱ በላይ አብሮ መሥራት መቻላቸው ይመዘናል።

4. ይፋ ማድረግ። ብዙውን ጊዜ ከብሔራዊ ጉባኤው ጥቂት ቀናት በፊት ወይም በጉባኤው መክፈቻ ይነገራል።

5. ማጽደቅ። የጉባኤው ተወካዮች ድምፅ ሰጥተው ተጣማሪውን የፓርቲው ዕጩ ያደርጉታል።

ዕጩው ከተሰየመ በኋላ ቢሞት ወይም ራሱን ቢያገልል ምትኩን የሚሰይመው የፓርቲው ብሔራዊ ኮሚቴ ነው። በ1912 የሪፐብሊካኑ ምክትል ፕሬዝዳንት ጄምስ ሸርማን ምርጫው ሊደረግ ስድስት ቀን ሲቀረው ስለሞቱ ስማቸው በወረቀቱ ላይ እንዳለ ሕዝቡ ድምፅ ሰጠ። ፓርቲው ያገኛቸው ስምንት የወኪል መራጮች ድምፆች ለኒኮላስ መሪ በትለር ተሰጡ።

የመምረጫ መስፈርቶች

ማመጣጠን። በጣም የቆየው መስፈርት ነው። ዕጩው የሌለውን በተጣማሪው መሙላት ማለት ሲሆን በክልል፣ በዕድሜ፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ ልምድ ወይም በአስተሳሰብ ሊሆን ይችላል። በ1960 የማሳቹሴትሱ ካቶሊክ ጆን ኬኔዲ የሴኔቱን የአብላጫ መሪ፣ የቴክሳሱን ፕሮቴስታንት ሊንደን ጆንሰንን መረጡ፤ ቴክሳስንም አሸነፉ። በ2008 ባራክ ኦባማ በሴኔት ለረጅም ዓመታት ያገለገሉትንና በውጭ ጉዳይ ልምድ ያላቸውን ጆ ባይደንን ሲመርጡ የልምድ እጥረት አለባቸው ለሚለው ትችት መልስ ሰጡ።

ማጠናከር። አንዳንዶች ልዩነትን ሳይሆን መመሳሰልን ይመርጣሉ። በ1992 የአርካንሳሱ ቢል ክሊንተን በዕድሜም በክልልም የሚመስሏቸውን የቴኔሲውን አል ጎርን መረጡ። ሁለቱም በአርባዎቹ ዕድሜ ውስጥ ስለነበሩ ጥምረቱ የአዲስ ትውልድን መልእክት አጎላ።

ተቀናቃኝን ማቅረብ። በ1980 ሮናልድ ሬገን በቅድመ ምርጫው የተፎካከሯቸውን ጆርጅ ኤች ደብልዩ ቡሽን መረጡ። በ2020 ባይደን የመረጧቸው ካማላ ሃሪስም በዚያው ዓመት የፓርቲው ፉክክር ተቀናቃኛቸው ነበሩ።

ውክልና። በ1984 ዋልተር ሞንዴል ጄራልዲን ፌራሮን ሲመርጡ በሁለቱ ዋና ፓርቲዎች ታሪክ የመጀመሪያዋ ሴት ተጣማሪ ሆኑ። በ2000 አል ጎር የመረጧቸው ጆ ሊበርማን የመጀመሪያው አይሁዳዊ ተጣማሪ ነበሩ። ካማላ ሃሪስ በጥር 2021 ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ የመጀመሪያዋ ሴት፣ የመጀመሪያዋ ጥቁርና የደቡብ እስያ ተወላጅ ምክትል ፕሬዝዳንት ሆኑ።

የኢግልተን ጉዳይ

የማጣራት ሥራ ለምን እንደጠበቀ ለማስረዳት ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የ1972 ምርጫ ነው። የዴሞክራቶቹ ዕጩ ጆርጅ መክገቨርን ሌሎች ሰዎች ግብዣቸውን ስላልተቀበሉ ጊዜው አጥሮባቸው በማያሚ ቢች በተደረገው ጉባኤ ላይ የሚዙሪውን ሴናተር ቶማስ ኢግልተንን በጥድፊያ መረጡ። በቂ ማጣራት አልተደረገም ነበር። ከጥቂት ቀናት በኋላ ኢግልተን በመንፈስ ጭንቀት ሕመም ሆስፒታል ተኝተው እንደታከሙና የኤሌክትሪክ ሕክምና እንደተደረገላቸው ይፋ ሆነ። መክገቨርን በመጀመሪያ በሙሉ ልብ እንደሚደግፏቸው ቢናገሩም ግፊቱ ሲበረታ ሐሳባቸውን ለወጡ። ኢግልተን በታጩ በ18 ቀናቸው ራሳቸውን አገለሉ።

በምትካቸው የተሰየሙት ሳርጀንት ሽራይቨር የፒስ ኮር የመጀመሪያ ዳይሬክተር የነበሩ ሰው ናቸው። ፒስ ኮር ከ1962 ጀምሮ በጎ ፈቃደኛ መምህራንን ወደ ኢትዮጵያ የላከ ድርጅት በመሆኑ በአገራችንም ይታወቃል። መክገቨርን በምርጫው ያሸነፉት በማሳቹሴትስና በዋሽንግተን ዲሲ ብቻ ነበር። ሽንፈቱ በተጣማሪው ጉዳይ ብቻ የመጣ ባይሆንም ክስተቱ በዕጩው የመወሰን ችሎታ ላይ ጥርጣሬ አሳደረ። በሌላ በኩል ጉዳዩ እስከ ዛሬ ሁለት ወገን ያለው ክርክር ያስነሳል፦ መራጩ የመሪውን ጤና የማወቅ መብት አለው የሚል አንዱ ሲሆን፣ የታከመና ሥራውን በብቃት የሚሠራ ሰው በአእምሮ ሕመም ምክንያት ሊገለል አይገባም የሚለው ሁለተኛው ነው። ኢግልተን ከዚያ በኋላ በሴኔቱ እስከ 1987 አገልግለዋል።

በምርጫ ውጤት ላይ ያለው ተጽዕኖ

ተጣማሪው የራሱን ክፍለ ግዛት ድምፅ ያመጣል የሚል እምነት በሰፊው አለ። የፖለቲካ ሳይንስ ምሁራኑ ክሪስቶፈር ዲቫይንና ካይል ኮፕኮ ግን በጥናታቸው ይህ ጥቅም በአብዛኛው ከዜሮ ብዙም እንደማይርቅ ደርሰውበታል። በ2004 የጆን ኬሪ ተጣማሪ ጆን ኤድዋርድስ ሰሜን ካሮላይናን፣ በ2012 የሚት ሮምኒ ተጣማሪ ፖል ራያን ዊስኮንሲንን ማስገኘት አልቻሉም።

በእነዚሁ ምሁራን አስተያየት ዋናው ተጽዕኖ ቀጥተኛ አይደለም። መራጩ ተጣማሪውን አይቶ የሚመዝነው የፕሬዝዳንት ዕጩውን ነው፤ ምርጫው ስለ ዕጩው ማስተዋል የሚናገረው ነገር አለና። በ2008 ጆን መኬይን የአላስካ አገረ ገዥ የነበሩትን ሴራ ፔሊንን ሲመርጡ መጀመሪያ የፓርቲው ደጋፊዎች ተነቃቁ፤ በኋላ ግን የፔሊን ዝግጁነት አነጋጋሪ ሆነ። የ72 ዓመቱ መኬይን ዕድሜም ጥያቄውን አከበደው።

የተተኪነት ሕግ ለውጦች

በመጀመሪያ ምክትል ፕሬዝዳንቱ ፕሬዝዳንት ሲሆን ወይም ሲሞት የምክትልነቱ ቦታ እስከሚቀጥለው ምርጫ ባዶ ይቀር ነበር። ኬኔዲ በኅዳር 1963 ከተገደሉ በኋላ እስከ ጥር 1965 አሜሪካ ምክትል ፕሬዝዳንት አልነበራትም። በ1967 የጸደቀው 25ኛው ማሻሻያ ፕሬዝዳንቱ ምትክ እንዲሰይምና ሁለቱ ምክር ቤቶች እንዲያጸድቁ ፈቀደ።

ሕጉ ብዙም ሳይቆይ ተፈተነ። በጥቅምት 1973 ምክትል ፕሬዝዳንት ስፓይሮ አግኒው ከግብር ጋር በተያያዘ ክስ ሥልጣን ለቀቁና ኒክሰን ጄራልድ ፎርድን ሰየሙ። በነሐሴ 1974 ኒክሰን ራሳቸው ሲለቁ ፎርድ ፕሬዝዳንት ሆነው ኔልሰን ሮክፌለርን ምክትላቸው አደረጉ። በዚህም የተነሳ በሁለቱ ከፍተኛ ቦታዎች ላይ ለእነርሱ ተብሎ በአገር አቀፍ ምርጫ ድምፅ ያልተሰጣቸው ሰዎች ተቀመጡ።

በ2024 የተደረገው ምርጫ

በ2024 ምርጫ ዶናልድ ትራምፕ የኦሃዮውን ሴናተር ጄ ዲ ቫንስን ሐምሌ 15 ቀን ይፋ አደረጉ። ትራምፕ በመጀመሪያ ዘመናቸው ምክትላቸው ከነበሩት ከማይክ ፔንስ ጋር የተለያዩት በ2021 የምርጫ ውጤት ማጽደቅ ጉዳይ ነበር። በዴሞክራቶቹ በኩል ባይደን ሐምሌ 21 ቀን ከውድድሩ ራሳቸውን ሲያገሉ ሃሪስ የፕሬዝዳንት ዕጩ ሆኑ። ሃሪስ ፍለጋውን ከሦስት ሳምንት ባነሰ ጊዜ አጠናቀው የሚኒሶታውን አገረ ገዥ ቲም ዋልዝን ነሐሴ 6 ቀን አሳወቁ። አሸናፊዎቹ ትራምፕና ቫንስ ሲሆኑ ቫንስ 50ኛው ምክትል ፕሬዝዳንት ናቸው።

በሌሎች አገሮች

ኬንያ በ2010 ባጸደቀችው ሕገ መንግሥት እያንዳንዱ የፕሬዝዳንት ዕጩ ምክትሉን አስቀድሞ እንዲሰይም ታዝዛለች። በ2022 ዊልያም ሩቶ ከሪጋቲ ጋቻጓ፣ ራይላ ኦዲንጋ ከማርታ ካሩዋ ጋር ተጣምረው ተወዳደሩ። ሩቶና ጋቻጓ ካሸነፉ በኋላ ተቃቃሩ፤ ጋቻጓ በጥቅምት 2024 በሴኔቱ ውሳኔ ከሥልጣን ሲነሱ ኪቱሬ ኪንዲኪ ተተኩ።

በናይጄሪያ ደግሞ በአብዛኛው ከሙስሊምና ከክርስቲያን አንድ አንድ ሰው ማጣመር የተለመደ ነው። ለ2023 ምርጫ ቦላ ቲኑቡ እንደ እርሳቸው ሙስሊም የሆኑትን ካሺም ሼቲማን መምረጣቸው ብዙ ክርክር ቢያስነሳም ምርጫውን አሸንፈዋል። በፊሊፒንስ ፕሬዝዳንቱና ምክትሉ በተለያየ ድምፅ ስለሚመረጡ ተቀናቃኞች አብረው ሥልጣን ሊይዙ ይችላሉ፤ ይህም አሜሪካ በ1804 የተወችውን ችግር የሚመስል ነው።

ኢትዮጵያ የፓርላማ ሥርዓት ስላላት ተጣማሪ ዕጩ የለም። በ1995 ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት መሠረት ፕሬዝዳንቱን የሚመርጡት የተወካዮች ምክር ቤትና የፌዴሬሽን ምክር ቤት በጋራ ስብሰባቸው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ነው። ሕገ መንግሥቱ ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር እንጂ ምክትል ፕሬዝዳንት አይጠቅስም።